የእኔ ገና በሃያ ዘጠኝ

ሰው ሲሳሳት ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። ይህን የምነግራችሁ ልኩራራ ብዬ ሳይሆን በሽታ ስለሆነ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ የሟቹን ዕድሜ ሁለት ዓመት ካሳነሱበት አርማለሁ። ቢቸና ውስጥ እኔ ባለሁበት ተረት የሚጀምር ሰው የለም፤ መሐል ላይ አስቁሜ «ቀበሮ አይደለችም፣ ጦጣ ናት» እላለሁና። ባለቤቴ አንጓች «አንተ የሞትህ ዕለት መልአኩን ሰዓት አላከበርክም ብለህ በር ላይ ታቆመዋለህ» ትለኛለች። ካላከበረ ምን ላድርግ?

እንግዲህ የገናን ቀን የተሳሳተው ይህ ሰው ነው።

ልደት ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ይውላል። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ግን፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን በሆነች ማግስት በሚገባው በዘመነ ዮሐንስ፣ አንድ ቀን ቀደም ብሎ በሃያ ስምንት ይከበራል። ይህንንም የማያውቅ የለም። እኔ ደግሞ የደብተራ ልጅ ነኝ፤ አባቴ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ከአባቴ ጣታቸውን ወርሻለሁ፣ ቆጠራውን ግን ይዘውት የሄዱ ይመስለኛል።

የምሠራው መዝገብ ቤት ነው። መስከረም ላይ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን አዲሱን ካላንደር ሳገላብጥ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት በቀይ ታትሞ አየሁ። «አይ የዘንድሮ ማተሚያ ቤት» አልኩና ሰርዤው ሃያ ዘጠኝን በቀይ እስክርቢቶ አደመቅሁት። ከጎኑም «ታርሟል» ብዬ ፈረምኩበት። ማኅተሙ በእጄ ቢሆን ኖሮ እመታበት ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ አይተውታል፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ከእኔ ጋር ክርክር መግጠም የሻይ ሰዓትን እንደሚያስበላ ከልምድ ያውቃሉ።

ነገሩ የከረረው በጾመ ነቢያት አጋማሽ ነው። የጽዋ ማኅበራችን ተረኛ ቤት ተሰብስበን ሳለ የንስሐ አባታችን ተነሥተው አስተማሩን። ረጅም አልነበረም። «ጌታችን የተወለደው ማደሪያ አጥቶ በበረት ነው። እናንተ በልደቱ ቀን በር ዘግታችሁ ትበላላችሁ። ለመሆኑ ባለፈው ገና ከቤተሰቡ ውጭ አንድ ሰው ያጎረሰ ከመካከላችሁ ማነው?» አሉን።

ሁላችንም አቀረቀርን። ከወዲያ ጥግ አንዱ «እኔ ሚስቴን አጉርሻለሁ» አለ።

«እሷማ ራሷ የሠራችውን ነው የመለስክላት» አሉት።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ የኔታ ጥበቡ ትዝ አሉኝ። የኔታ ሞጣ ላይ በልጅነቴ ከሀሁ እስከ ዳዊት ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ያላቸው ተማሪ ብቻ ነው፤ ተማሪ ደግሞ እንደምታዩኝ ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል ሲባል ሰምቼ «ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ» ብዬ ነበር። ከቢቸና ሞጣ መንገዱ ግማሽ ቀን አይሞላም። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

በማግስቱ ደወልኩ። የኔታ ስልክ የላቸውም፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት ሱቅ ባላቸው በሐጂ ይማም ስልክ ነው የሚገኙት። ሐጂ ስልኩን ይዘው መንገዱን ተሻግረው ሰጡልኝ።

«የኔታ፣ ለገና እመጣለሁ። ዶሮ ይዤ እመጣለሁ። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ የሚፈስኩት በእኔ እጅ ነው፤ እኔው ነኝ የማጎርስዎት» አልኳቸው። ድምፄ ራሴን አስደሰተኝ።

የኔታ ጥቂት ዝም አሉ። «ሃያ ዘጠኝ አልክ?»

«አዎ፣ በሃያ ዘጠኝ።»

«ይሁን ልጄ። በሃያ ዘጠኝ እጠብቅሃለሁ» አሉኝ።

ዝምታቸውን ከደስታ ቆጠርኩት። እርጅና ነው፣ ልባቸው ተነካ ብዬ እኔም ዓይኔን ጠረግሁ።

ታኅሣሥ ሃያ ሰባት ቀን ከሥራ ስወጣ ገበያው ሞልቶ ፈሷል። ዶሮው ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ በጉ እየተጎተተ፣ ቄጠማው በሸክም እየሆነ ወደየቤቱ ይጋዛል። «የዘንድሮ ሰው ምን አስቸኮለው» እያልኩ ቤቴ ደረስኩ። አንጓች በአንድ እጇ ቢላዋ በሌላው አውራ ዶሮ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማለች።

«እረድ» አለችኝ።

«ምን አጣደፈሽ? ገና ከነገ ወዲያ ነው።»

«ገና ነገ ነው።»

«አንጓች፣ እኔ የደብተራ ልጅ ነኝ።»

«እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ዘመኑ ዮሐንስ ነው። በዮሐንስ ገና መቼ እንደሚውል እንኳን እኔ ይኸ ዶሮም ሳያውቅ አልቀረም» አለችኝ። ዶሮው በእርግጥ የሚያውቅ ይመስል ነበር፤ ከሁለታችን ይልቅ የተረበሸው እሱ ነው።

ጳጉሜን ስድስት እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ስድስተኛዋን ቀን ጠበል ተጠምቄባታለሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ጥቅምት ላይ ነገርኩህ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርከኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ ሽንኩርት ገዛሁ» አለችኝ። ይህች ሴት የኔታንም አልረሳችም፤ ከውስጥ ሌላ ዶሮ አምጥታ «ይህኛው የመምህርህ ነው» ብላ ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጠችው።

ወዲያው ሞጣ ደወልኩ። የሐጂ ስልክ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፣ አሁንም አይሠራም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባለመሥራቱ ደስ አለኝ። ቢሠራ ምን እላለሁ? የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ለሆኑ ሰው፣ ያስተማሩኝን ቀን ተሳሳትኩ ልል ነው? ስለዚህ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ነገ በጠዋት እነሣና በሃያ ስምንት ከተፍ እላለሁ። «በሃያ ዘጠኝ አላልክም ወይ?» ካሉኝ «በሃያ ስምንት ነው ያልኩዎት፤ ስልኩ ነው፣ ወይ ጆሮዎ ነው» እላቸዋለሁ። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ጆሮ ላይ ማሳበብ ከባድ አይደለም። ስበድል እንዲህ ብልህ ነኝ።

ሌሊቱን ቅዳሴ አድረን፣ ጠዋት ከልጆቼ ጋር ሁለት ጉርሻ ቀምሼ ድስቴን ተሸክሜ ወጣሁ። አንጓች አሥራ ሁለቱን ብልት ከነእንቁላሉ በብረት ድስት አድርጋ፣ ክዳኑን በሻሽ ጠፍራ፣ ላዩን በሌላ ጨርቅ ጠቅልላዋለች። «ፈረሰኛውን ከላይ አድርጌዋለሁ፤ እንዳታጋድመው» ብላኛለች። መናኸሪያ ስደርስ መናኸሪያው ባዶ ነው። በገና ጠዋት የሚጓዝ ሰው ወይ የተጣላ ነው ወይ የተሳሳተ። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ አገኘሁ፤ ሾፌሩ ድስቴን አየና ከጎኑ አስቀመጠኝ።

ደብረ ወርቅ ላይ መኪናውን አቆመ። «አክስቴን እንኳን አደረሰሽ ብያት ልምጣ፤ አንተም ግባ» አለኝ። «እቸኩላለሁ» አልኩ። አክስቱ ራሳቸው ወጥተው እጄን ይዘው አስገቡኝ። በዚህ አገር በበዓል ቀን ደጅ የቀረ ሰው የቤቱን ባለቤት ያሰድባል። «አፈር ስሆን አንዲት ጉርሻ» አሉኝ። አፈር እንዳይሆኑ ጎረስኩ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። ሦስተኛዋን በማርያም ስም ለምነው አጎረሱኝ። ግንደ ወይን ላይ ደግሞ የሾፌሩ አማቶች ናቸው ያሉት፤ በግ አርደዋል። እዚያም አፈር የሚሆኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የኔታን ላጎርስ የወጣሁት ሰው ሁለት ከተማ ላይ ጎርሼ ቀበቶዬን ፈታሁ። ከንፈሬን ባበስኩ ቁጥር ሞጣ ላይ የሚጠብቁኝ ሽማግሌ ፊታቸው እየመጣ ይረብሸኛል፤ ያም ሆኖ አላቆምኩም።

ከግንደ ወይን ወጥተን ጥቂት እንደሄድን መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ። ድስቱም አብሮ ገብቶ ወጣ። የአንጓች ሻሽ ክዳኑን ያዘ፣ መረቁን ግን አልቻለም። ነጭ ጋቢዬ ከደረቴ እስከ ጉልበቴ ዶሮ ወጥ ሆነ። ሞጣ የገባሁት ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የተጎዳ ሰው መስዬ ነው።

ሐጂ ይማም ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ድፎ ዳቦ በማር እየበሉ ነበር። ሲያዩኝ ደነገጡ። ዳቦውን ከስኳር ጆንያው ኋላ አስቀመጡና ተነሡ።

«አንተ ነገ አልነበር እንዴ የምትመጣው?» አሉኝ።

«እንኳን አደረሰን ሐጂ። ቀደም አልኩ።»

«ምኑን አደረሰን? ገናችሁ ነገ አይደለም ወይ?» አሉና ፊታቸውን ወደ ሱቁ አዞሩ። «እኔማ እስላም ነኝ፣ የእናንተን በዓል ምን አውቄ። ሰው ነገ ነው ሲል ሰማሁ።»

አፋቸው ጥግ ላይ ማር አለ። ምንም አልገባኝም። መንገዱን ተሻግሬ የየኔታ ግቢ ስገባ ጎረቤታቸው እትዬ ስመኝ ከቤታቸው ብቅ አሉ። እትዬ ስመኝ የኔታን የሚያዩዋቸው፣ ውኃ የሚቀዱላቸው፣ ልብስ የሚያጥቡላቸው ሴት ናቸው። ከኋላቸው ቤታቸው ሙሉ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ራሳቸው ላይ ለጋ ቅቤ ጉብ ብሏል። ጋቢዬን ከላይ እስከ ታች አዩት፣ እኔም ቅቤያቸውን አየሁት። ሁለታችንም ያየነውን ላለመናገር የተማማልን ይመስል ዝም አልን።

«ደህና መጣህ ወንድምዓለም። ለዋዜማው ደረስክ» አሉኝ።

«ለዋዜማው?»

«እንዲያ ነው። ነገ ገና አይደል? ዛሬ ጾም ላይ ነን።»

«ቄጠማውስ?»

«አቧራ በዛብን።»

ይቅር ይበለኝና በዚያች ደቂቃ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ለካ እኔ ነበርኩ ልክ! ቢቸና ተሳስቷል፣ ደብረ ወርቅ ተሳስቷል፣ ግንደ ወይን በግ አርዶ ተሳስቷል፤ የሊቃውንት አገር ሞጣና እኔ ብቻ ቀኑን ይዘናል። ለአንጓች እንዴት አድርጌ እንደምነግራት በልቤ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ይህን እያሰብኩ ሳለ ከአጥሩ ውጭ ነጭ የለበሱ ጎልማሶች የገና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን እየሰደበ፣ እየጨፈሩ አለፉ።

እትዬ ስመኝን አየኋቸው።

«ለነገ እየተለማመዱ ነው» አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

ቤት ስገባ የኔታ መደባቸው ላይ ኩታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አርጅተዋል፤ ትከሻቸው ጠቧል፣ ዓይናቸው የሚያየው ብርሃን ብቻ ነው። ፊታቸው ባለ ትሪ ላይ ሽሮ በእንጀራ ቀርቦ ከዳር ከዳር ተቆርሷል። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ፊቴን በጣታቸው ዳሰሱና ወዲያው አወቁኝ።

«መጣህልኝ? ነገ ነበር ያልከኝ» አሉ።

«ናፍቀውኝ ነው የኔታ። አንድ ቀን ቀደም አልኩ።»

«ደግ አደረግህ። እንግዲህ አድረህ ነገ ገናን አብረን እንውላለን።» ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ ድስቱ አዞሩ። «ይህስ ዶሮው ነው? መዓዛው ደርሷል። በል እዚያ ጥግ አስቀምጠው፣ ለነገ ነው።»

ድስቱን ጥግ አስቀመጥኩት። እሳቸው ወደ ሽሯቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ እትዬ ስመኝ ከደጅ በእጃቸው ጠሩኝና ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ።

«እኔ ከእንግዲህ መዋሸት አልቻልኩም» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «በልደት ቀን ሽሮ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ በመቋሚያ ቆመው አድረው ቆረቡ፤ ጾሙንስ በቁርባኑ ፈትተዋል። ጠዋት ከሦስት ቤት ዶሮ መጣላቸው፣ መለሱት። እኔ በጉን አቀረብኩላቸው፣ መለሱት። ተማሪዬ በሃያ ዘጠኝ አጎርስዎታለሁ ብሎኛል አሉ።»

«ታዲያ በስልክ ለምን አላረሙኝም?»

«እኔም ጠየቅኋቸው። ምን አሉኝ መሰለህ? በልጅነቱ ዳዊት ሲያነብ ተሳስቶ በሰው ፊት ባርመው አፍሮ ሳምንት ከትምህርት ቀረ፤ አሁን ባርመው ደግሞ አፍሮ እስከነጭራሹ ይቀርብኛል፤ ለእኔ አንድ ቀን ምን አላት፣ ሥጋ ያድርልኛል አሉ። ሰፈሩን አንድ በአንድ ጠርተው ለመኑት። ሐጂን ሳይቀር። ነገ ልጁ ሲመጣ ገና ዛሬ ነው በሉት፣ እንዳታሳፍሩት አሉ። አንተ አንድ ቀን ቀድመህ መጥተህ አጋለጥከን እንጂ ነገ ሁላችንም ዳግመኛ ልንለብስልህ ነበር።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። አሥራ አንድ ዓመት ላላየኋቸው ሰው ድስት ተሸክሜ ስመጣ አገልጋዩ እኔ መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቸው ከጾም አጋማሽ ጀምሮ እኔን እያገለገሉ ነበር፤ ስሕተቴን ለመሸፈን አንድ ሰፈር አስተባብረው፣ ገናቸውን ለእኔ ሲሉ አሳድረው። እኔ ደግሞ በጆሯቸው ላላክክ ነው የመጣሁት። አፈርኩ፤ እንዲህ ያፈርኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

«አሁን በአንተ እጅ ነው» አሉኝ እትዬ ስመኝ። «ዝም ካልክ እስከ ነገ ይጠብቃሉ፤ ቃላቸውን አያጥፉም። ግን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ነገን ማን አይቶ?»

ዝም ብል ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ነገ ሁሉም ይጨፍርልኛል፣ ተሳሳትክ የሚለኝ የለም፣ ቢቸና ተመልሼም አወራበታለሁ። አስቡት እንግዲህ፤ በሕይወቴ የሰው ስሕተት ሳርም የኖርኩ ሰው «ተሳሳትኩ» የምትለዋን ቃል ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። እንዴት እንደምትነገርም አልተለማመድኩም። ከቤቱ ጀርባ እስከ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ከቢቸና ሞጣ ይልቅ ያ ረዘመብኝ።

ገብቼ እግራቸው ስር ተቀመጥኩ።

«የኔታ።»

«ወይ።»

«ገና ዛሬ ነው።»

እንጀራ የያዘው እጃቸው ባለበት ቆመ።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የመሥሪያ ቤቱን ካላንደር ሁሉ ሰርዤዋለሁ። ሳውቅ ደግሞ ሃያ ስምንት ነበር ያልኩት፣ ጆሮዎ ነው የሳተው ልልዎት ነበር የመጣሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈለጉና ዳበሱኝ። ከዚያ ልክ ያኔ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ በነበረው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ዘመኑ ማነው?»

«ዮሐንስ።»

«በዮሐንስ ልደት በስንት ይውላል?»

«በሃያ ስምንት።»

«ማን ነገረህ?»

«አንጓች።»

ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያወጡ ረጅም ሳቁ። «አንጓችን አንድ ቀን ይዘህልኝ ና፤ ቅኔ ማስተማር ለእሷ ነበር የሚገባኝ» አሉ። እትዬ ስመኝ በር ላይ ቆመው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ይጠርጋሉ።

ድስቱን ከጥግ አመጣሁና ሻሹን ፈታሁ። መረቁ ጋቢዬ ላይ ቀርቷል፣ እንቁላሎቹ እርስ በርስ ተጋጭተዋል፤ ፈረሰኛው ግን ከላይ ነው። እጄን ታጠብኩ፣ እንጀራ ቆርሼ ከሥጋው ጋር ጠቀለልኩ። የኔታ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። አጎረስኳቸው።

ቀስ ብለው አላመጡ። ዋጡ። አማተቡ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ስመኝ፣ በይ ለሰፈሩ ንገሪ። ገና ዛሬ ነው በያቸው» አሉ።